ስሱ ቱታ

በመልካ ጨፌ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ራቁቱን ይቆማል። ነውር ነው የሚል የለም፤ ነውሩን ሙቀቱ ከወሰደው ቆይቷል። ወንዱም ሴቷም በየመጋረጃቸው ገብተው ከቤት ለብሰው የመጡትን እስከ መጨረሻዋ ክር ያወልቁና በመጋረጃው ሥር ለሚዘረጋ እጅ ያቀብላሉ። እጁ በምትኩ የጥጥ ካናቴራና የጥጥ ሱሪ ይሰጣቸዋል። ትናንት ማን እንደለበሰው አይታወቅም፣ ነገም ማን እንደሚለብሰው አይታወቅም። ከተማው ውስጥ የቀረው ጥጥ ይኸው ነው።

እጁ የአስካለ ነው። የጣቢያው አልባሽ ናት። አልባሽ ሲባል ሙሽራ የምታሳምር የሚመስላቸው አሉ፤ ስቃ ታልፋቸዋለች። ባሏ ከሞተ ቆየ፣ ልጅ አልወለደችም፣ ሰው ማልበስ ግን ታውቅበታለች። ማን ብብቱን እንደሚያሳክከው፣ ማን ጓንት ሲጠብቅበት እንደሚነጫነጭ፣ ማን በባዶ ሆዱ እንደመጣ ከመጋረጃው ሳይወጣ ታውቃለች።

ከወንዙ ማዶ የነበረው የጥጥ እርሻ ውሃ ካጣ ወዲህ ሰዉ ከአንገቱ እስከ እግሩ የሚለብሰው ላስቲክ ነው። ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን ምንም አይልም። ለጣቢያው ግን አይሆንም። ኤሌክትሪክ ከመዳብ ወደ መዳብ በአየር ላይ ሲዘል የሚፈነዳ እሳት አለ፤ ሠራተኞቹ አርክ ይሉታል። ዐይን ጨፍኖ እስኪገልጥ መጥቶ ይሄዳል። በአርክ ፊት ላስቲክ የለበሰ ሰው ልብሱ አይቃጠልበትም፣ ይቀልጥበታል፤ ቀልጦም ከቆዳው ጋር አንድ ይሆናል። ስለዚህ ከመጋረጃው ቀጥሎ አንድ የሚያሸት በር ተተክሏል። አንዲት የላስቲክ ክር ቢያገኝ ዝም ስለማይል ሠራተኞቹ አማት ብለውታል።

ድሮ እንዲህ ያለ ጥገና ሲኖር መብራት ይጠፋ ነበር ይላሉ። ሰዉ «መብራት ሄደ» ብሎ ይራገምና ሻማ ለኩሶ ይቀመጣል፤ ጥጋበኛ ዘመን ነበር። አሁን መብራት አይሄድም። መብራት ከሄደ ማቀዝቀዣ ቤቶቹ ይቆማሉ፣ ማቀዝቀዣ ቤቶቹ ከቆሙ ደግሞ ቀኑን እዚያ ተኝተው የሚያሳልፉት ሽማግሌዎችና አራሶች ከሰዓት በኋላን አያልፏትም። እናም የተበላሸው ሁሉ ኃይሉ ሳይቋረጥ ይጠገናል።

ከአማት ባሻገር ሒሳቡ አለ። ሒሳቡ አደጋን የሚያሰላ ማሽን ነው፤ ለሠራተኛው ግን ድምፅ ብቻ ነው። በዕለቱ የሚጠገነውን የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ፓናሉን፣ የዕለቱን ሙቀትና የሠራተኛውን የልብ ምት አይቶ የትኛው ቱታ እንደሚለበስ ይናገራል። ቱታው ሁለት ዓይነት ነው። ወፍራሙ ድርብርብ ነው፣ ኮፍያው እስከ ደረት ይወርዳል፤ አርክ ቢመጣ የለበሰው ሰው ጆሮው እየጮኸ በእግሩ ይወጣል። ነገር ግን በዚህ ሙቀት ወፍራሙን ለብሶ መሥራት በራሱ ሞት ነው። ስሱ ቱታ አየር ያስገባል፣ ትንሽ አርክም ይችላል። ትልቅ አርክ ግን አይችልም።

አብዛኛውን ቀን ሒሳቡ ቁርጡን ይናገራል። አንዳንድ ቀን ግን ሙቀቱና እሳቱ እኩል ሲሆኑበት፣ «ሁለቱም ተፈቅዷል፤ ሰው ይምረጥ» ይላል። ሰው ማለት አስካለ ናት። ሰውን ከየሥራው ለቅሞ ያባረረ ማሽን ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ለሰው ተወላት።

ፈለቀ ልጁን ቀብሮ ሥራ የገባ ዕለት ከመጋረጃው አልወጣ አለ። የጣቢያው አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከአስካለ ጋር ሲቀጠሩ ሁለቱም ፀጉራቸው ጥቁር ነበር። እጇን በመጋረጃው ሥር ዘርግታ ጠበቀችው። ምንም አልመጣም።

«ፈለቀ፣ ምነው ቆየህ? አማት ናፍቀሃታል» አለችው።

ሳቅ አልተሰማም።

«አስኩ፣ ልጄን ሐመልማልን የማቀብለው ሰው የለኝም» አለ።

ገባት። በመልካ ጨፌ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሟችን ፎቶ ካናቴራ ላይ ያሳትማል። ነገሩ የቆየ ነው፤ ድሮ ለቀብር ይለበስና ቁም ሣጥን ይገባ ነበር። ቀብር በሙቀቱ ምክንያት በጠዋት ተጣድፎ የሚያልቅ ከሆነ ወዲህ ግን ሰው ልቅሶውን ገላው ላይ ይዞ መዞር ጀመረ። ካናቴራው እስከ አርባው አይወልቅም። ለባሹ ገላውን ሲታጠብ ዘመድ ይለብስለታል እንጂ ወንበር ላይ አይጣልም፣ ምስማር ላይ አይሰቀልም። የተሰቀለ እንደሆነ ሟች ሜዳ ላይ ተጣለ ይባላል። ካናቴራውም እንደ ሌላው ሁሉ ላስቲክ ነው።

«ቤትህ ብትቀመጥስ? አፈሩ እንኳ አልደረቀም» አለች አስካለ።

«ቤት ምን አለኝ? በላይነሽ አንድ ጥግ፣ እኔ አንድ ጥግ ይዘን ማልቀስ ነው።» አለ ፈለቀ። «ደግሞ የታመመው ሦስተኛው ክፍል ነው አሉኝ። የመስክ ሰፈር ማቀዝቀዣ ቤት በእሱ ነው የሚሠራው።»

 ሐመልማል የሞተችው እዚያ ማቀዝቀዣ ቤት ውስጥ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧ ደካማ ነበር፣ ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም፣ ማቀዝቀዣውም ሥራ ያቆመው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር።

«በል አምጣት፣ እኔ እለብሳታለሁ» አለችው።

«አንቺ?» አለ። የዘመድ ነገር ነው፤ ባዕድ ለብሶ አያውቅም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ፓንትህን ሳቀብልህ ኖሬ ዘመድህ ካልሆንኩ፣ ማን ሊሆን ነው?»

ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ሳቅ መጣ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስኪበቃው ጠበቀችው። በመጨረሻ ካናቴራውን በመጋረጃው ሥር ሰጣት፤ ገና የገላው ሙቀት ነበረው። ከራሷ ልብስ ላይ ደርባ ለበሰችው፤ አልባሽ ፓናሉ ጋ ስለማትደርስ በአማት በኩል አታልፍም። ሰፍቷታል። ደረቷ ላይ ሐመልማል ፀሐይ ዐይኗን እየወጋት፣ በአንድ ዐይኗ ተጨማድዳ ትስቃለች።

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ጠዋት ፈለቀ ልጁን ያቀብላታል፣ ከሰዓት ሲወጣ ይቀበላታል። በመሀል የሚያልፍ የሚያገድመው ሠራተኛ የአስካለን ደረት አይቶ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ እሷም የሟች ቤተሰብ እንደሚያደርገው አንገቷን ደፋ ታደርጋለች። መጀመሪያ አካባቢ አፍራ ነበር። ኋላ ግን ሳትፈልገው ለመደችው፤ አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን ቱታ እያጣጠፈች ለልጅቷ ወሬ ታወራላት ነበር።

«ዛሬ እንዴት ዋለች?» ይላል ፈለቀ ሲወጣ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ሞቋት ነበር፣ ግን ደህና ዋለች።»

«አላስቸገረችሽም?»

«እሷማ ምን ታስቸግራለች፣ አባቷ ነው እንጂ የሚያስቸግረኝ። በላህ?»

አልበላም። ምግብ አፉ አልገባ ብሎት ነበር፤ ቱታው በየቀኑ እየሰፋው ሄደ። አንድ ቀን ሒሳቡ ወፍራሙን አዘዘለትና ሥራው ሳያልቅ ፓናሉ ሥር ወደቀ፤ ጓደኞቹ ወገቡ ላይ ባለው ገመድ ጎትተው አወጡት። አስካለ ዚፑን ስትከፍተው ከቱታው ውስጥ እንፋሎት ወጣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ፣ «ሰዓቱ ደረሰ? ልጄን ስጪኝ» አላት። ውሃ አፈሰሰችበት። አምና ተካልኝ የሚባል ጎረምሳ ወፍራሙን እንደለበሰ በሙቀት ሞቷል፤ ያን ጊዜም ሒሳቡ «ሰው ይምረጥ» ብሎ፣ እሷ እሳቱን ፈርታ ወፍራሙን አልብሳው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወፍራሙን ባነሳች ቁጥር የተካልኝ ፊት ይመጣባታል።

የሦስተኛው ክፍል ብሬከር፣ አርክ ሲነሳ ኃይል የሚቆርጠው መሣሪያ፣ ሊቀየር የተባለ ዕለት ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ግድግዳውን አግሎት ነበር። ፈለቀ ልጁን አቀበላት፣ ጥጡን ለበሰ፣ በአማት በኩል አለፈና ከመስቀያዎቹ ፊት ቆመ። ሒሳቡ ትንሽ ዘገየ። የዘገየ እንደሆነ ምርጫው ለአስካለ ሊመጣ ነው።

«ሁለቱም ተፈቅዷል፤ ሰው ይምረጥ» አለ ድምፁ።

አስካለ መጀመሪያ የነካችው ወፍራሙን ነው። ከመስቀያው አውርዳ ክንዷ ላይ አደረገችው፤ ክብደቱ ትከሻዋን ወደ ታች ሳበው። ፈለቀ አየውና ዐይኑን ሰበር አደረገ።

«አስኩ፣ ዛሬ ስሱን ስጪኝ» አለ።

«ብሬከሩ አሮጌ ነው። እምቢ ብሎ ቢዘገይስ?»

«አሮጌ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔና እሱ አብረን ነው ያረጀነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ወፍራሙን ከለበስኩ ዛሬም ጎትተው ነው የሚያወጡኝ። ሥራው ሳያልቅ ብወድቅ ማቀዝቀዣ ቤቱ ይቆማል። አትክበጂብኝ እባክሽ።»

ሰውየውን አየችው። የአንገቱ አጥንት ወጥቷል፣ ዐይኑ ጎድጉዷል። ሐዘንተኛ ሸክም አይሸከምም፤ ውሃ እንኳ ሰው ይቀዳለታል፣ ወንበር እንኳ ሰው ያቀርብለታል። በዚህች ከተማ ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም። አስካለም አንጀቷ አልቻለም። ወፍራሙን መልሳ ሰቀለችና ስሱን አወረደች።

አንገትጌውን ዘጋችለት። ጓንቱን እስከ ክርኑ ሳበችለት። የፊት መከለያውን ልታወርድ ስትል ጎንበስ ብሎ ደረቷ ላይ ያለችውን ልጁን አያት።

«ቶሎ ና፣ ትጠብቅሃለች» አለችው።

«እሺ በያት።»

ፍንዳታው የተሰማው ረፋዱ ላይ ነው። ወለሉ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ መስቀያዎቹ ተጋጩ፣ ከጣሪያው አቧራ ወረደ። መብራቱ ግን ብልጭ እንኳ አላለም። በመላው መልካ ጨፌ አንድም ማቀዝቀዣ አልቆመም፤ በመስክ ሰፈር የተኙት አራሶች ምንም አልሰሙም። አስካለ ባለችበት ቆማ ቀረች። ሰዎች ሲሮጡ፣ ቃሬዛ ሲያልፍ፣ የተቃጠለ ጠረን ሲመጣ ቆማለች። እሱን በሌላኛው በር ነው ያወጡት። የፈረቃው ማብቂያ ደርሶ ሰዉ ሁሉ ልብሱን እየቀየረ ሲወጣም ካናቴራውን ለብሳ በመጋረጃው አጠገብ ነበረች፤ መጥቶ የሚቀበላት መስሏት ሳይሆን፣ የምታደርገው ጠፍቷት።

ፈለቀ በማግስቱ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የፈረቃው ኃላፊ ኢንጂነር ሠራተኛውን ሰብስቦ የምርመራውን ውጤት በድምፅ ማጉያ አሰማ። ብሬከሩ ኃይሉን ሳይቆርጥ ዘግይቷል። የአርኩ ጉልበት ስሱ ቱታ ከሚችለው በላይ ሆኗል። ሟች ወፍራሙን ቱታ ለብሶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ለሕይወት አያሰጋውም ነበር። ሆኖም ምርጫው በተፈቀደው ውስጥ ስለነበር በማንም ላይ ጥፋት አልተገኘም። ጣቢያው ለቤተሰቡ መጽናናትን ይመኛል። ከዚያ ቀጥሎ የነገውን የሥራ ምድብ አሰማ።

ሰዎቹ እየመጡ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉት።

«እትዬ አስካለ፣ አንቺ ምንም የለብሽም» አላት አንዱ። «ራሱ ነው የጠየቀው። ስሱን የጠየቀ ሰው ስሱን ነው የሚሰጡት።»

«ባለቤቱ ታውቃለች?»

«ሒሳቡ ነው ያዘዘው ብለናታል። ለእሷስ ይሻላታል። ሄደሽ እንዳትነካኪያት።»

አስካለ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አጥፍተሻል ብሎ ቢጮህባት በወደደች ነበር። ማንም አልጮኸባትም። ተካልኝን ወፍራም አልብሳ ገደለችው፣ ጥፋት የለብሽም ተባለች። ፈለቀን ስስ አልብሳ ገደለችው፣ አሁንም ጥፋት የለብሽም። እነሱ ጥፋት የለም ባሉ ቁጥር ሰዎቹ ይበልጥ የሞቱ መስሎ ተሰማት።

ልቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ድንኳኑ ወፍራም ላስቲክ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር በቱቦ ይገባበታል። ሴቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም አዲሱን ካናቴራ ለብሰዋል፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ታትመውበታል። የሟች ሚስት በላይነሽ ብቻ የድሮውን አላወለቀችም፤ የእሷ ደረት ላይ ሐመልማል ብቻዋን ናት። አስካለን አይታት አታውቅም። ነገር ግን ገና ከበሩ ስትገባ ካናቴራውን አየችና ተነሳች።

«አንቺ ነሽ» አለች። «አንቺ ነሽ አስኩ።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሁለቱ ሐመልማሎች በመሀላቸው ፊት ለፊት ተጣበቁ። በላይነሽ እጇን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠቻት፤ የቅርብ ዘመድ በሚቀመጥበት ቦታ ነው።

«ሌላ ወሬ አልነበረውም» አለቻት። «ልጄን የምትይዝልኝ ሴት አለች፣ እያለ ነበር የሚያወራው። ሥራ ሲሄድ ደስ ብሎት ይሄድ የነበረው ባንቺ ነው። እኔ ማጽናናት አቅቶኝ ነበር።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አሁንም እስከ አርባው አንቺው ያዢልን። በአባቷ ቦታ አንቺ ቁሚ። ማን አለኝ ሌላ?»

በዙሪያው ያሉት ሴቶች «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አስካለ ዝም ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። እህል ያቀርቡላታል፣ አርባውን እህት ሆና ትቆማለች፣ ከዚያ በኋላም በየበዓሉ የምትጠራበት ቤት ይኖራታል። ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲህ ከጎኑ ያስቀመጣት ሰው አልነበረም። መናገሩ ለማን እንደሚጠቅም አታውቅም። ያን ቦታ በውሸት መያዝ ግን አልሆነላትም።

«እትዬ በላይነሽ፣ እሱን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ እኮ። አልባሽ ነሽ።»

«ስሱን ማለቴ ነው። ወፍራም ቱታ ነበረ፤ እጄ ላይ ነበረ። ሰቅዬው ስሱን አለበስኩት።»

በላይነሽ አልገባትም። «ሒሳቡ ነው ያዘዘው አሉኝ» አለች።

«ሒሳቡ ሁለቱንም ፈቅዶ ሰው ይምረጥ አለ። የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ እንዳልከብድበት ለመነኝ፣ እኔም አሳዘነኝ።»

 በላይነሽ እጇን ከአስካለ እጅ አላወጣችም። ረጅም ጊዜ ዐይን ዐይኗን አየቻት፤ ጥያቄውን ለመጠየቅ የፈራች ትመስል ነበር።

«ወፍራሙን አልብሰሽው ቢሆን፣ ይኖር ነበር?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ሙቀቱ ይገድለው ነበር ይሆናል ማለትም ይቻል ነበር፤ ያም ሐሰት አይደለም። አስካለ ግን የተጠየቀችው ምን እንደሆነ ገብቷታል።

«ይኖር ነበር» አለች።

በላይነሽ ያን ጊዜ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። አላለቀሰችም፣ ድምፅዋም ከፍ አላለም።

«እንግዲያው ልጄን አውልቂልኝ» አለች።

 ሁለት ሴቶች ተነስተው በመሀላቸው አንሶላ ዘረጉላቸው። ካናቴራ ከገላ ወደ ገላ ነውና የሚሄደው፣ በላይነሽ ከአንሶላው ጀርባ ገብታ ከአስካለ ፊት ቆመች። አስካለ ክንዷን አነሳች፤ ሌላው ሰው ሁሉ በእሷ ፊት እንዲህ ሲቆም ኖሯል፣ እሷ በማንም ፊት እንዲህ ቆማ አታውቅም። በላይነሽ ካናቴራውን ከታች ይዛ በአስካለ ራስ ላይ አሳለፈችው። አየር ላይ ብዙ አላቆየችውም። በለበሰችው በራሷ ካናቴራ ላይ ደረበችው፣ ደረቷ ላይ አስተካከለችው፣ የተጨማደደውን በመዳፏ ዘረጋችው።

አስካለ በስስ የቤት ልብሷ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ወደ በሩ ሄደች። ሴቶቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ሰጧት። በሩ ጋ ስትደርስ በላይነሽ ከኋላዋ ተናገረች፤ የተናገረችው ለእሷ አልነበረም፣ በሩ አጠገብ ለተቀመጠችው ሴትዮ ነው።

«ውሃ ሳትጠጣ እንዳትወጣ፤ ፀሐዩ ከባድ ነው» አለች።

ሴትዮዋ ቀድታ ሰጠቻት። አስካለ ቆማ ጠጣች፤ ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ።  ኩባያውን መለሰችና ወደ ፀሐዩ ወጣች።